የባትሪ ድንጋይና የቪየናው ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ የሚዘፍን የፕላስቲክ ዳክዬ ታቅፋ ቤቴ መጣች። ማን እንደገዛላት አላውቅም፤ ባውቅ የምለው ነበረኝ። ያንኑ አንድ ዘፈን ከጠዋት ጀምራ ስታስጮህብኝ ዋለችና ከሰዓት በኋላ ላይ ዳክዬው ደከመው። መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ፤ ከዚያ ተጎተተ፤ በመጨረሻ እንደታመመ ሽማግሌ አቃስቶ ዝም አለ። ልጅቷ "ሞተብኝ!" ብላ እሪ አለች። እኔ ሆዬ ልጅ ማባበሉን ትቼ የዳክዬውን ሆድ ከፈትኩና የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ በረንዳው ግንብ ላይ፣ ፀሐዩ በሚያርፍበት በኩል፣ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው።

"አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

"እያሞቅኳቸው ነዋ። ሲሞቁ ነፍስ ይዘራሉ።"

አላመነችኝም። የዛሬ ልጅ ምን ያምናል! እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጋለውን ቆርቆሮ ሳሸተው፣ ያ የዝገትና የኖራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ አዲሱ ከተማ ቤቴ በረንዳ ላይ መሆኔ ቀረ። ከሐረር ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር ገባ ብሎ፣ በልጅነቴ የኖርንበት አዴ ዘሀራ ግቢ ነበርኩ። ጋሽ ሽፈራው በነጭ ካናቴራቸው ቆመው፣ የሸክላ ማጫወቻቸውን ድንጋዮች አጥሩ ላይ እየደረደሩ፣ እያንዳንዱን እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ወደ ፀሐዩ ያዞሩታል።

ግቢው የአዴ ዘሀራ ነው። አዴ ዘሀራ የሐረር ተወላጅ ናቸው፤ ግቢውንም ከአባታቸው የወረሱት ነበር። እኛን ግን እንደ ተከራይ ሳይሆን ዘግይተው እንደመጡ ዘመዶች ነበር የሚያዩን። አባቴ ፖስታ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እኛ ከበሩ በስተቀኝ ባሉት ሁለት ክፍሎች፣ ጋሽ ሽፈራውና ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ደግሞ ፊት ለፊታችን፣ በዋናው የድሮ ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው። ያ ቤት ሲገቡበት ይቀዘቅዛል። በቀይ አፈር የተለቀለቁ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ሐረሮች ነደባ ይሏቸዋል፤ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ጋሽ ሽፈራው የደብረ ብርሃን ሰው ቢሆኑም የቤቱን ሕግ አክብረው የአባወራውን ቦታ፣ ምሰሶው አጠገብ ያለውን፣ ይዘው ነበር የሚቀመጡት። ማጫወቻዋ ጎናቸው ናት።

አዲሱ ከተማ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ትከሻቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው። ወንዝ ሲያስተምሩ ሰሌዳ አይበቃቸውም ይባላል፤ ዋቢ ሸበሌን በእጃቸው አየር ላይ እየሳሉ ከሰሌዳው እስከ በሩ ይሄዳሉ፣ ተማሪውም አንገቱን እያዞረ ይከተላቸዋል። እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርኩና ክፍላቸው አልገባሁም። ግን የእሳቸውን ያህል ልጅን እንደ ሰው የሚያናግር አዋቂ አላየሁም፤ ዛሬም አላየሁ። አንድ ነገር ስጠይቃቸው ወዲያው አይመልሱልኝም። "ቆይ ላስብበት" ብለው ይሄዱና በማግስቱ በራችን ላይ ቆመው "ሂሩት፣ ያ የትናንትናው ጥያቄሽ..." ይላሉ። ጥያቄውን እኔ ራሴ ረስቼው እገኛለሁ።

ያለቻቸው አንዲት ሸክላ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ያገኟት ከአንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ሰውዬው ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ አንድ ሳጥን ሙሉ ሸክላ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ትቶ ሄደ። ሰው ሁሉ የሚጨፈርበትን እየመረጠ ወሰደ፤ መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ብቻ ቀረች። "ይቺማ የለቅሶ ናት" ብለው ነው የተዉአት። ጋሽ ሽፈራው ግን ያ መምህር አንድ ቀን ቤቱ ጋብዟቸው በኤሌክትሪክ ማጫወቻው አሰምቷቸው ነበርና፣ ለሷ ሲሉ ነው ከሁሉም በኋላ የሄዱት። "ማንም እንደማይወስድብኝ አውቅ ነበር" ይሉ ነበር ያለ ድምፅ እየሳቁ። ማጫወቻዋን ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዟት። የኤሌክትሪክ ገመዷ የጠፋ፣ በወፋፍራም የባትሪ ድንጋይ ብቻ የምትሠራ፣ አገር ምድሩ ወደ ካሴት በዞረበት ዘመን ሰው የሚስቅባት ዕቃ ነበረች።

ካርቶኑ ላይ የአቀናባሪው ስም ተጽፏል። ለምላሳችን አስቸጋሪ ስለነበር ግቢው ውስጥ ማንም በስሙ አልጠራውም። "የቪየናው ሰውዬ" ነበር የምንለው፤ ቀስ በቀስ ደግሞ "ሰውየው" ብቻ ሆኖ ቀረ።

"ቪየና ሙዚቀኛ መሆን እዚህ ጫት ነጋዴ እንደመሆን ነው፤ ሞልቷል" ይሉን ነበር ጋሽ ሽፈራው። "ሰውየው ጓደኞቹ ስም ሲያወጡ እሱ ከኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብላቸው ኖሮ ሞተ። ይሄን የመሰለ ነገር ሠርቶ!"

ደማቸው ይፈላ ነበር እኮ! የማያውቁት፣ አገሩን ያላዩት ሰው ስም ባለመጠራቱ እሳቸው ምሳ አልበላ ይላቸው ነበር።

ሲምፎኒ ነው፤ ግን የሚዘፈንበት ሲምፎኒ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በየተራ ይዘፍናሉ። እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትቀጥላለች፣ እንደገና እሱ፣ እንደገና እሷ። አንድም ጊዜ አብረው አይዘፍኑም። ቋንቋው ጀርመንኛ ነው፤ ከግቢያችን አንዲት ቃል የሚያውቅ አልነበረም። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ጋሽ ሽፈራው በአማርኛ ይነግሩናል። እዚህ ጋ ወንዱ ሩቅ አገር ይናፍቃል፤ እዚህ ጋ ሴትየዋ መብራት አብርታ ትጠብቃለች፤ እዚህ ጋ ተገናኙ፤ እዚህ ጋ ደግሞ ልሂድ ይላል። መጨረሻው ስንብት ነው።

አጀማመሩ ያስፈራ ነበር። መጀመሪያ ከሥር የከበሮ ጉርምርምታ ይመጣል፤ ጥሩምባዎቹ ይከተላሉ፤ ከዚያ ቫዮሊኖቹ ሁሉ ባንዴ ሲነሡ ደረቅ አሸዋ ላይ ድንገት የሚወርድ ጎርፍ ነው፤ ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ወንዱ ያን ሁሉ ጎርፍ በድምፁ ሊሻገረው ይታገላል። የሴትየዋ ተራ ሲደርስ ጎርፉ ጉድል ይልና አንድ ዋሽንት ብቻውን ይቀራል። እሷ ታዲያ ለማንም እንደማትዘፍን ሆና፣ ሥራ እየሠራች እንደምታንጎራጉር ሴት፣ ቀስ ብላ ትገባለች። እሷ ስትገባ ዛሬም ክንዴን ውርር ያደርገኛል።

ያኔ ግን ጠላሁት። ጆሮዬን ይዤ ሸሽቻለሁ። አዴ ዘሀራም መጀመሪያ የሰሙ ቀን ከኩሽናቸው ብቅ ብለው "ይህ ሰው ምን ደርሶበት ነው እንዲህ የሚጮኸው? አላህ ያብርድለት!" አሉ። ጋሽ ሽፈራው ማንንም ስሙልኝ ብለው አላስጨነቁም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ ጫቱን ይዞ ጸጥ በሚልበት ሰዓት፣ በሩን ከፍተው ያጫውታሉ፤ የመጣ ይመጣል። መሀል ላይ የአስር ሰላት አዛን ከተሰማ መርፌዋን ቀስ አድርገው ያነሡና እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ፤ አዛኑ ሲያበቃ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ይሄን ያዩ አዴ ዘሀራ "ማሻ አላህ፣ አደብ ያለው ሰው" ብለው ከዚያ ወዲያ በርጩማቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ይቀመጡ ጀመር። እኔም ስሰማው ስሰማው፣ አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ የሴትየዋን ዜማ ሳንጎራጉር እናቴ ያዘችኝ። "እግዚኦ፣ ይቺም ተለከፈች!" አለች።

ተለከፍኩ። አሁንም አልዳንኩ።

ከዚያ ኩርፊያው መጣ።

እትዬ ጽጌ ሐረርን አይጠሉም ነበር፤ ግን እናታቸው ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ነበሩ፣ በዚያ ላይ ታማሚ። ጋሽ ሽፈራው በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ እያሉ ቃል ይገቡላቸዋል፤ በየዓመቱ አልመጣም ይሏቸዋል። በመጨረሻ መርዶው መጣ። ግቢው ሁሉ አለቀሰ፤ አዴ ዘሀራ ሳይቀሩ ነጠላ አደግድገው ቆሙ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሚስት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ እትዬ ጽጌን እጃቸውን ይዛ ስታጽናና፣ ምንም ክፋት ሳይኖርባት "ምን ታደርጊዋለሽ፣ አምና ዝውውሩ ሲመጣላችሁ እሺ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ትደርሺባቸው ነበር" አለች።

እናቴ አጠገባቸው ነበረች። እትዬ ጽጌ እንባቸው ቀጥ አለ አለችን።

ዝውውሩ መጥቶ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ነበሯቸው፣ የሚተካቸው መምህር አልተገኘም፣ "ዘንድሮን ልጨርስና" ብለው ለሌላ ሰው እንዲሰጥ አደረጉ። ለሚስታቸው አልነገሩም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ። እኔ እስከ ዛሬ የምወዳቸው ሰው ናቸው፤ ግን ይሄን አድርገዋል።

ለቀስተኛው ሲወጣ እትዬ ጽጌ አንድ ነገር ተናገሩ። "ሽፈራው፣ ከዛሬ ጀምሮ ካንተ ጋር የምነጋገረው የለኝም።" አልጮኹም። እንዳሉትም አደረጉ። ምግብ ይሠራሉ፣ ልብሱን ያጥባሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ያስተናግዳሉ፤ ለባላቸው ግን ቃል የለም። በኩርፊያው ሥራ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ማለፍ ጀመረ።

"ሂሩት፣ ምሳ ቀርቧል በዪው" ይላሉ እትዬ ጽጌ። ጋሽ ሽፈራው እዚያው፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደርሱበት ቦታ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ እትዬ ጽጌ ምሳ ቀርቧል ብለዋል።"

"እሺ በዪያት። ወጡ ጨው አንሶታል በዪያት።"

"ባለፈው በዛ ብሎ ነበር በዪው። የሚሻለውን ይምረጥ።"

እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ለድመቷ ነበር የሚናገሩት። ድመቷም እንደኔ ግራ ገብቷት በመሀላቸው ቁጭ ትላለች።

ጋሽ ሽፈራው አንዳንዴ የከበደ ነገር ይልኩኛል። "ተማሪዎቹን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም ነበር፣ እናቷ እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፣ ልነግራት ስል ቀኑ አለፈብኝ በዪያት።" ቃል በቃል አደርሳለሁ። እትዬ ጽጌ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ሰምቻለሁ በዪው" ይላሉ። ጋሽ ሽፈራው እንደገና ሌላ ምክንያት አስበው ይመጣሉ፤ እንደገና "ሰምቻለሁ በዪው"። የንስሐ አባታቸው መጡ፣ አባቴ ገባበት፣ አልሆነም። አዴ ዘሀራ ብቻ ናቸው ነገሩን ያገኙት። "ሽፈራው" አሏቸው አንድ ቀን ደጃፉ ላይ፣ "አስተማሪ ስለሆንክ ማስረዳት ትወዳለህ። እሷ እኮ ያልገባት ነገር የለም።" ጋሽ ሽፈራው "ቆዩ ላስብበት" አሉ። አስበውበት እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ ግን ሸክላዋ አልቀረችም። እትዬ ጽጌ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ልብስ ይተኩሳሉ ወይም ምስር ይለቅማሉ፤ እኛ ከወዲህ ነን። ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገር ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለ። ወንዱ ያለውን ዜማ ያነሳና ያዟዙረዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ለሴትየዋ ሲያደርስ ሌላ መልክ ይዟል። አንድ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ጋሽ ሽፈራው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ይሄ ኦርኬስትራ አንቺ ነሽ" አሉኝ። "ሁለቱ አይነጋገሩም። እሱ ነው የሚያመላልስላቸው። ደግሞ ሳታውቂ አለስልሰሽ እንደምታደርሺ አውቃለሁ።" ልጅ ሆኜ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም። እስከ ዛሬ ያንን ሲምፎኒ ስሰማ ከዘፋኞቹ ይልቅ ጆሮዬ የሚሄደው መሀል ላይ ወዳለው ወደዚያ ነው። ቃል ሳይኖረው የሁለቱንም ልብ ያውቃል፤ ሰውየው ትልቅነቱ እዚያ ላይ ነው።

የመጨረሻው ዘፈን ነበር ጣጣው። ሸክላዋ ሳታልቅ ያ በፀሐይ የተሞቀ ድንጋይ ይደክማል። ወንዱ ስንብቱን ሲጀምር ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ ቫዮሊኖቹ ማዛጋት ይጀምራሉ። ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ይመጣል።

"ሂሩት፣ ድንጋዩ አልቋል በዪው።"

"አላለቀም። ሰውየው ነው እንዲህ ያበጀው በዪያት። በኤሌክትሪክም ስሰማው ቀስ ያለ ነበር።"

"ድንጋዩ ነው በዪው። ድምፁን አይሰማውም?"

ይሄ በየሳምንቱ ነው። ግቢው ለሁለት ተከፈለ። አባቴና አዴ ዘሀራ ድንጋዩ ነው ባዮች ነበሩ፤ እናቴ እንደ ቀኑ ሁኔታ ትገለባበጣለች፤ እኔ ከጋሽ ሽፈራው ጋር ነበርኩ፣ ምክንያቱን ግን ብጠየቅ አላውቀውም። የሚያስቅ ነበር፤ እየቆየ ግን ሳቁ ጠፋ። የእትዬ ጽጌ ወንድም ከደብረ ብርሃን መጥቶ "ምን ትሠሪያለሽ እዚህ፣ የእናታችን ቤት ባዶውን ነው" ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሻንጣ ቆሞ አየሁ። ስሸሸው በዓይኔ ይከተለኛል፤ ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጽጌ ከገበያ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሽፈራው መደብ ሄዱ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ፤ ፈላና በር ከምትቸረችር የኮንትሮባንድ ነጋዴ የገዙት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ከነላስቲኩ፣ የሚያብለጨልጭ። ማጫወቻዋ አጠገብ ደረደሩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሂሩት፣ ዛሬ በዚህ ያጫውት በዪው። አንዴ ዋሽቶኛል። ዘፈኑ በአዲስ ድንጋይ ከፈጠነ በዚህም ሲዋሸኝ ኖሯል ማለት ነው፤ ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፣ ሰኞ እሄዳለሁ በዪው።"

ማድረስም አላስፈለገ፤ ጋሽ ሽፈራው ፊታቸው አመድ መስሏል። ድንጋዮቹን ሲያስገቡ አንዱ ከእጃቸው ወደቀ። ላነሳላቸው ጎንበስ ስል፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሳለ "ሂሩትዬ፣ በኤሌክትሪክ የሰማሁት እኮ አንዴ ብቻ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ስንት ዓመቱ!"

እውነቴን ነው፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። የግቢው ሰው ወሬውን የት እንደሰማ እንጃ፤ አዴ ዘሀራ በርጩማቸውን ይዘው መጡ፣ እናቴና አባቴ በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ጽጌ ዛሬ ከመጋረጃው ወዲያ አልሄዱም። ዝቅ ያለው መደብ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

መርፌዋ ስታርፍ ሁላችንም ደነገጥን። ፈጥኗል! ጎርፉ እንደዚያ ሲወርድ ሰምተነው አናውቅም፤ ከበሮው ደረቴን መታኝ፤ የሴትየዋ ድምፅ የልጃገረድ ሆነ። አባቴ "አይ ሽፈራው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለካ እስከዛሬ የሰማነው ሁሉ እንቅልፍ የያዘው ኖሯል። ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አዛን ሲሰማ መርፌዋን አነሡ፣ ጠበቁ፣ መልሰው አስቀመጡ። የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ።

ቀስ አለ።

ቀስ አለ፤ ግን አልወፈረም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነበር። ድንጋይ ሲደክም ድምፅ ይወፍራል፣ ይዝጋል፤ ይሄ ጥርት እንዳለ ነው የዘገየው። እያንዳንዱ ቫዮሊን ይሰማል። ወንዱ አንድ ቃል ይልና ዝም ይላል፤ ኦርኬስትራው ያን ቃል ይዞለት ይቆያል፤ ሌላ ቃል ይላል። የሚሄድ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ እጀታውን ይዞ፣ ተመልሶ ሌላ ነገር ሲያነሳ፣ እንደዚያ። ካለፈው ሁሉ የበለጠ ቀስ ያለ ነበር፤ ምክንያቱም አሁን ሆን ብሎ እንደሆነ አወቅን። ጥሩምባዎቹ ከሩቅ አንዴ መጡና ሄዱ። መጨረሻ ላይ ማለቁን እንኳ መለየት አቃተን፤ መርፌዋ ባዶውን ስትዞር ነው ያወቅነው።

እትዬ ጽጌ ወደ እኔ ሳይሆን፣ ወደ ድመቷም ሳይሆን፣ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ዞሩ።

"እውነትም ሰውየው ነው" አሉ።

ጋሽ ሽፈራው ባዶውን የምትዞረውን ሸክላ አቆሙ።

"እናቴም ስትሸኝ እንዲህ ነበረች" አሉ እትዬ ጽጌ። "ደጅ ትወጣለች፣ ትስማለች፤ መንገዱ ድረስ ትመጣለች፣ እንደገና ትስማለች፤ መኪናው ሲነሳ እንኳ እጇን ከመስኮቱ አታወጣም። እኔ አልተሰናበትኳትም፣ ሽፈራው። አላሰናበትከኝም።"

ተማሪዎቹን ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቀኑ አልፎብኝ ነው ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ያ ሁሉ ምክንያት የትም አልተሰማም።

"አጥፍቻለሁ፣ ጽጌ" አሉ። ከመደባቸው ወርደው እትዬ ጽጌ እግር ሥር ተቀመጡ። "አጥፍቻለሁ። አጠፋሁ።" ያን የሚያህል ረጅም ሰው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ።

አዴ ዘሀራ በርጩማቸውን አንሥተው "ውጡ፣ ውጡ፣ ምን ታያላችሁ!" እያሉ ሁላችንንም ወደ ውጭ ነዱን። ዓይናቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ነበር። እኔም በዚያው ዕለት ከሥራዬ ተባረርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ምሳ መቅረቡን የሚነግርላቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ትንሽ ቅር ማለቱ አልቀረኝም፤ ምን ይደረግ!

ከዚያ አብረው ደብረ ብርሃን ሄደው የእትዬ ጽጌን እናት መቃብር ጎበኙ፤ ተመልሰውም እዚሁ ኖሩ። ጋሽ ሽፈራው ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ። አንዱ ድንጋይ ሲደክም እትዬ ጽጌ ራሳቸው አጥሩ ላይ ሲያሰጡት አይ ነበር። እንዲህ ኖረው ጋሽ ሽፈራው አረፉ፤ አቤት የሸኛቸው ተማሪ ብዛት! ፀጉሩን ሽበት የወረረው ሁሉ "መምህሬ" እያለ ያለቅሳል። አዴ ዘሀራም ከእሳቸው በፊት ሄደዋል፤ ግቢውን አሁን ልጃቸው ናት የያዘችው፤ እትዬ ጽጌን ግን ከዚያ መደብ የሚያስነሳቸው የለም።

የዳክዬው ድንጋይ ሞቆ ጥቂት ዘፈነና ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ። በማግስቱ፣ እሁድ፣ በባጃጅ እስከ ፈላና በር ሄጄ ጠባቧን መንገድ በእግሬ ገባሁ። እትዬ ጽጌ አርጅተዋል፤ ግን ሳልቀመጥ ነው መክሳቴን የነገሩኝ። ማጫወቻዋ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍና ድሮ ከነበረችበት ቦታ አልተነሣችም፤ ከተበላሸች ቆየች። ሸክላዋ ከነካርቶኗ አጠገቧ ቆማለች። ከምሰሶው ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ እንግዳ አያስቀምጡበትም።

ስልኬ ላይ ያንኑ ሲምፎኒ ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ስሙ ሳይጠራ የሞተው ሰውዬ ዛሬ በየአገሩ እንደገና እየተጫወቱለት ነው፤ ጋሽ ሽፈራው ቢሰሙ ምሳቸው እንዴት በጣፈጣቸው! ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። እትዬ ጽጌ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ፤ መሀል ላይ አዛን ሲሰማ ሳልጠየቅ አቆምኩት፣ ሲያበቃ ቀጠልኩት። የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። ወንዱ አንድ ቃል አለና ዝም አለ፤ ኦርኬስትራው ያዘለት። ጥርት ያለ ነው፤ ስልኩም ሙሉ ቻርጅ አለው።

እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

"ሂሩት" አሉኝ፣ "ድንጋዩ አልቋል በዪው።"

ወደ ምሰሶው ዞርኩ፤ ሥራዬን አልረሳሁትም።

"ጋሼ፣ እትዬ ጽጌ ድንጋዩ አልቋል ብለዋል" አልኩ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ሁሌም አስበው ነበርና የሚመልሱት። ከዚያ ወደ እትዬ ጽጌ ተመለስኩ። "አላለቀም፤ ሰውየው ነው እንዲህ ያበጀው ብለዋል።"

እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

"ሰምቻለሁ በዪው" አሉ።